የካሜራ ጥያቄዎቻችሁ፦ ቦዲ ልቀይር ወይስ ፍላሽ ልግዛ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዕቃ ናቸው፣ ቦዲ (ሌንሱ ሳይቆጠር ካሜራው ራሱ) ልቀይር ወይስ ፍላሽ ልግዛ ዓይነት፣ ክረምቱ ገብቶ ሰርግ ቀዝቀዝ ስላለ መሰለኝ ሁሉም ሰው ቦርሳውን ገልብጦ ማየት ጀምሯል። ከጅማና ከአካባቢው የመጡትን መርጬ እመልሳለሁ፣ አንድ ዓይነት የሆኑትን ቀላቅያቸዋለሁ። ስም አልጻፍኩም፣ ሰፈር ይበቃል።

ጥያቄ (ከመንቲና)፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ሰርግና ምርቃት ነው ምሰራው። ካኖን 6ዲ አለኝ ከ50 ሚሊ ሌንስ ጋር፣ ፍላሼ በባትሪ ድንጋይ የሚሰራ ነው። አሁን ብር አጠራቅሜ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ልገዛ ነው፣ ጓደኞቼ ሁሉ ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት) ሄደዋል፣ ደምበኛም ካሜራህ አሮጌ ነው ማለት ጀምሯል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን ከማውጣትህ በፊት ያለፈውን ሰርግ ፎቶ ክፈትና የጣልካቸውን ብቻ እያቸው። ለምን ጣልካቸው? ብዥ ብለው ነው፣ ጨልመው ነው፣ ወይስ ሙሽሪት ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ነው? ሦስተኛው ከሆነ፣ ነው ብዬም ነው ምጠረጥረው፣ ሶኒም ብትገዛ ምንም ብትገዛ አረንጓዴው ተከትሎህ ይመጣል፣ ምክንያቱም አረንጓዴው ያለው ድንኳኑ ላይ ነው እንጂ ካሜራህ ውስጥ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ እኛ ጋ ሰርግ ማለት ግማሹ ድንኳን ነው፣ ሸራው አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ከቀይ ጋር ተቀጥሎ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሸራው አልፋ ስትመጣ ብርሃኑ ራሱ ቀለም ይዞ ነው ሚወርደው፣ ከዛ አንተ ዩቲዩብ ላይ እንዳየኸው ፍላሹን ወደ ላይ አዙረህ ታበራለህ። የዩቲዩቡ ሰውዬ ግን ነጭ ኮርኒስ ስር ነው ያለው። ያንተ ፍላሽ ሸራው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ጭራሽ አረንጓዴውን ጨምሮበት ይመጣል። በዛ ላይ ድንኳኑ በጎን ክፍት ስለሆነ በአንድ በኩል ንጹህ የቀን ብርሃን ይገባል፣ ስለዚህ የሙሽራው አንድ ጉንጭ አረንጓዴ ሌላው ጤነኛ ይሆናል፣ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለም ሚያስተካክልበት) አንዱን ሲያድን ሌላውን ሮዝ ያደርግልሃል፣ ኤዲት ላይ ቁጭ ብለህ ብታድርም አይስተካከልም።

መፍትሄው ፍላሹን ከካሜራው ላይ ማውረድ ነው። ስታንድ፣ ነጭ ጃንጥላ ወይም ትንሽ ሶፍት ቦክስ (ብርሃን ሚያለሰልስ)፣ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት ሚያበራው)፣ በቃ። ረዳትህ ስታንዱን ይዞ ከሙሽሮቹ ሁለት ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከፊታቸው ትንሽ ወደ ጎን ይቁም፣ ከጭንቅላታቸው ከፍ አድርጎ ወደነሱ ያዘንብለው። ማኑዋል ላይ አድርግ፣ ሹተር (ተከፍቶ ሚዘጋበት ፍጥነት) 1/125፣ ቀዳዳው (ብርሃን ሚገባበት የሌንሱ መክፈቻ) 4 አካባቢ፣ አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ400 እስከ 800፣ ፍላሹን ከ1/8 ኃይል ጀምረህ አስተካክል። ንጹሁ የፍላሽ ብርሃን ፊት ላይ ሲያይል የሸራው ቀለም ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ አስታውስ፣ 6ዲ ከፍላሽ ጋር በተለመደው አሠራር ሹተሩ ከ1/180 በላይ አይሄድም፣ ከዛ ካለፍክ ፎቶው ግርጌ ወይ አናት ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ብዙ ልጆች ፍላሹ ተበላሸ ብለው ሚመጡት በዚች ነው።

የፍላሹን ባትሪ ድንጋይ ጉዳይም እናንሳው። ከሱቅ ሚገዛው ተራ ድንጋይ አንድ ጊዜ ካበራ በኋላ ደግሞ እስኪሞላ ሙሽራው ቀለበቱን አጥልቆ ይጨርሳል። ቻርጅ ሚደረገው ኒኬል ሚባለው ዓይነት ቁጥሩ ሲታይ ያንሳል፣ 1.2 ቮልት ነው ከ1.5 ይልቅ፣ ግን ኃይሉን ቶሎ ስለሚለቅ ፍላሹ ቶሎ ይሞላል። አቅም ካለህ ደግሞ ጎዶክስ ቪ860 ማርክ 2 ዓይነቱ በሊትየም ባትሪ ሚሰራው አለ፣ ፋብሪካው በሙሉ ኃይል 650 ጊዜ ያበራል ነው ሚለው፣ አንተ ደግሞ በሙሉ ኃይል ስለማትሰራ ከቤት መውጣቱንም ምሳውንም መልሱንም ይጨርስልሃል።

ይህን ስል ሶኒው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ኤ7 ማርክ 3 በፈረንጆቹ የ2018 ካሜራ ነው፣ 693 የፎከስ ነጥብ (ካሜራው ጥርት ሚያደርግባቸው ቦታዎች) አለው፣ ያንተ 6ዲ በፈረንጆቹ የ2012 ነው 11 ነጥብ ብቻ ያለው፣ ከነሱም እርግጠኛው የመሃሏ ናት። ቪዲዮ ምትሰራ ከሆነ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከሁሉ በላይ ግን እኔን ሚያስቀናኝ ሁለት ሚሞሪ መያዙ ነው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ላይ ሰርጉ አለ። ወጪው ግን ቦዲው ላይ አያበቃም፣ ሌንስ አለ ወይም የካኖን ሌንስህን ሶኒው ላይ ሚገጥም አዳፕተር አለ፣ ባትሪም ይበዛል፣ 6ዲ በአንድ ባትሪ ከ1,000 ፎቶ በላይ ሲያነሳ ሶኒው በፋብሪካው ልክ ከ600 እስከ 700 ነው፣ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ ፍላሽ፣ ስታንድ፣ ትሪገርና ሁለተኛ ሌንስ፣ በነሱ ሰርተህ ቦዲውን ለከርሞ። ደምበኛ ካሜራህ አሮጌ ነው ሲልህ አልበሙን አሳየው፣ ስለ ካሜራ ሚያወራው አልበም ያላየ ነው።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ 85 ሚሊ ሌንሴን ከቦርሳ ሳወጣው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር አየሁበት፣ በጨርቅ ብጠርገው አይለቅም፣ ከውስጥ ነው። አንድ ልጅ ፀሐይ ላይ አውለው አለኝ፣ ሌላው ሩዝ ውስጥ ቅበረው አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትስማ። ያ ሻጋታ ነው፣ ፈንገስ ነው ሚሉት፣ የኛ አገር የፎቶ ዕቃ ዋናው ገዳይ እሱ ነው፣ ከሌባ ቀጥሎ ማለቴ ነው። ሻጋታ ሚወደው እርጥበት፣ ጨለማና ያልተነቃነቀ አየር ነው፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ እየተመቸው ይሄዳል። አሁን የጅማና የአጋሮን ክረምት አስበው፣ ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ሚያወጣበት አገር። ያ ጫማ ላይ የወጣው ነገር ነው ሌንስህ ውስጥ ያለው። በጊዜ ካልተያዘ ደግሞ ሚያወጣው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ይበላዋል፣ ከዛ በኋላ ቢጠረግም ምልክቱ ይቀራል።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ ነው ሚያሳልፈው፣ ልጅ ሆነን በማጉያ መስታወት ወረቀት ያቃጠልን ሁሉ እናውቀዋለን፣ ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ሊያበላሽ፣ ስር ያለውን ጨርቅም ሊያነድ ይችላል። ሩዙ ደግሞ ብናኝ ጨምሮልህ ነው ሚመለሰው፣ የወጣውንም ሻጋታ አያጠፋም።

የተያዘውን ሌንስ ፈትቶ ለሚያጥብ ባለሙያ ነው ሚሰጠው። ሰዓት ሰሪ ጋ ወይ ሞባይል ሰሪ ጋ ፈትተህ እንዳትሰጥ አደራ፣ ሌንስ ሲገጠም መስታወቶቹ በፀጉር ልክ ቢዛነፉ ፎቶው አንድ ጎኑ ጥርት ሌላው ጎኑ ብዥ ይላል። ትንሽ ከሆነና ፎቶው ላይ ካልታየ ደግሞ እየሰራህበት ቆይ፣ ብቻ ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጠው።

ዋናው ግን የሚቀጥለው እንዳይያዝ ነው። ሰው ሁሉ ሌንሱን በካሜራ ቦርሳ ውስጥ ዚፕ ዘግቶ ነው ሚያስቀምጠው፣ ያ ቦርሳ ደግሞ ሰርግ ላይ ዝናብ መትቶታል፣ ስፖንጁ ውሃ ይዟል፣ ከዛ ተዘግቶ አልጋ ስር ይገባል። በቃ ሻጋታ አረባህ ማለት ነው። ከሥራ ስትመለስ ዕቃውን አውጣ፣ ጥርግ አድርገው፣ ቦርሳውን ክፍቱን ተወው። ዕቃውን አፉ ጎማ ያለው፣ ጥብቅ ብሎ ሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርግ፣ ያ ምግብ ሚቀመጥበት ትልቁ ዓይነት ይሆናል፣ ውስጡ እርጥበት ሚመጠውን ሲሊካ ጄል ጨምርና ትንሿን የእርጥበት መለኪያ አስቀምጥበት። ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ካነበበ ተኛ። በኤሌክትሪክ ሚሰራ፣ እርጥበት ሚያወጣ ድራይ ካቢኔት ሚሉት ሳጥን አለ፣ ጎበዝ ዕቃ ነው፣ ግን መብራት ሦስት ቀን ከጠፋ እሱም ቁም ሳጥን ነው። ፕላስቲኩ ግን መብራት አይጠይቅም።

ሲሊካው ሲጠግብ ቀለሙን ይቀይራል፣ ብርቱካናማው ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሰማያዊው ወደ ሮዝ። በዝግታ ሲሞቅ እርጥበቱን ለቅቆ ወደ ቀለሙ ይመለሳል፣ ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ። ግን ሰማያዊው ኮባልት ሚባል መርዛማ ነገር ስላለበት የእንጀራ ምጣድ ላይ እንዳታወጣው፣ ለሱ ሚሆን አሮጌ መጥበሻ ለይተህ ያዝ፣ መስኮት ክፈት። ሲገዛ ብርቱካናማውን ብትመርጥ ይሻላል።

ጥያቄ (ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ካኖን 700ዲ ከነ 18-55 ሌንሱ ገዝቻለሁ፣ ለምርቃት ፎቶ 50 ሚሊ 1.8 ይበቃኛል?

መልስ፦ ይበቃሃል፣ በዚህ ዋጋ ከሱ ሚሻል የለም። አንተ ጋ ያለው ካሜራ ሴንሰሩ (ምስሉን ሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊ ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ለማንሳት ቆንጆ ነው፣ ዘጠኝ ጓደኞች ጋውን ለብሰው በአንዴ አንሳን ሲሉህ ግን ወደ ኋላ ስትሄድ አጥር ይዘጋሃል፣ ያኔ 18-55ቱን መልሰህ ግጠም። ቀዳዳውን 1.8 ላይ አድርገህ ቡድን እንዳታነሳ፣ የፊተኛው ጥርት ብሎ የኋለኛው ይጠፋል። ጥቁር ጋውን ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ካሜራው ጨለማ መስሎት ፊቱን ያነጣዋል፣ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ቀንስለት፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ቬሎ ላይ ተቃራኒው ነው፣ ጨምርለት።

ጥያቄ (ከመርካቶ ሰፈር፣ ጅማ)፦ የኒካህ ፕሮግራም አንስቼ ቤት ስገባ ሚሞሪው «ፎርማት አድርግ» ይላል። 128 ጊጋ ነው፣ በርካሽ ነው የገዛሁት። ደምበኛው በየሰዓቱ ይደውላል። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

መልስ፦ መጽሔት ላይ ቶሎ መመለስ ከባድ ነው፣ ግን ለሌላውም ይጠቅማልና እናውራው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው። ሚሞሪውን አውጣ፣ በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ዝጋ፣ አንድም ፎቶ ተጨማሪ እንዳታነሳበት። ፎርማት ሲል ሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹ የት እንዳሉ ሚናገረው ማውጫ ነው፣ ፎቶዎቹ ራሳቸው ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው እዛው ናቸው። ከዛ ፎቶሬክ ወይም ሬኩቫ ሚባሉት በነጻ ሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ፣ አንዱን ኮምፒውተር ላይ ጭነህ ፈልግ፣ ያገኘኸውን ወደ ኮምፒውተሩ እንጂ መልሰህ ወደዛው ሚሞሪ እንዳትገለብጥ። ስሙ ይጠፋል፣ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል፣ ፎቶው ግን ሊገኝ ይችላል።

«በርካሽ ነው የገዛሁት» ያልካት ነገር ግን አልተመቸችኝም። ላዩ ላይ 128 የተጻፈበት ውስጡ 16 የሆነ ሚሞሪ ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ካሜራው 128 ነው ብሎ ያምናል፣ አንተም ታምናለህ፣ 16ቱ ሲሞላ ቀሪው ወደ ባዶ ነው ሚጻፈው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ፎቶሬክም አያድንህም፣ ያልተጻፈ ነገር አይፈለግም። አዲስ ሚሞሪ ስትገዛ ሥራ ላይ ሳታውለው ኤችቱቴስት (H2testw) ሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አሂድበት፣ ሚሞሪውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ውሸት ካለ ይነግርሃል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ማታ ለቅቀኸው ተኛ። ላዩ ላይ ቪ30 የሚል ካለበት ቢያንስ በሰከንድ 30 ሜጋባይት መጻፍ አለበት ማለት ነው፣ ለፎቶና ለተራ ቪዲዮ በቂ ነው። ሙሉውን ሰርግ በአንድ ትልቅ ሚሞሪ ከማንሳት ሁለት ሦስት 64 ይዞ እየቀየሩ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሚከራከሩኝ አሉ፣ ስትቀይር ትጥለዋለህ ይላሉ፣ እኔ ግን ከጠፋ ግማሹ ይጥፋ ነው ምለው።

ማታ ቤት እንደገባህ ራት ሳትበላ ሁለት ቦታ ገልብጥ፣ ላፕቶፕና ሀርድ ዲስክ፣ ሚሞሪውን ደምበኛው አልበሙን እስኪወስድ ፎርማት አታድርግ። ሀርድ ዲስኩን እየገለበጥክበት መብራት ሲጠፋ እንዳይመታው ከላፕቶፕ ጋር ተጠቀም፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ሚይዝ ባትሪ) የግድ ነው። ለደምበኛው ደግሞ ስልኩን አንሳለት። ያልተነሳ ስልክ ነው ሰውን ሚያናድደው።

ጥያቄ (ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ስቱዲዮ ያላት)፦ ጉርድ ፎቶ ነው ብዙውን ጊዜ ምንሰራው፣ ኤፕሰን ኤል805 ፕሪንተር አለን። ፊት ላይ ነጫጭ መስመር እያወጣ ነው፣ ሄድ ክሊኒንግ (ፕሪንተሩ ቀለም መትፊያውን ራሱ ሚያጥብበት) ባደርግም ሁለት ቀን ቆይቶ ይመለሳል፣ ቀለሙንም እየጨረሰው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? ጥያቄው ከፕሪንተሩ ጋር ማይገናኝ ይመስላል ግን ይገናኛል። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ የቀለም መትፊያውን ሄድ ወደ ዳር ወስዶ ክዳኑ ላይ ያሳርፈዋል፣ እንዳይደርቅ። ከሶኬት ሲነቀል ወይ መብራት በመሃል ሲሄድ ግን ሄዱ ባለበት ተገትሮ ሊቀር ይችላል፣ ቀዳዳዎቹ ለአየር ክፍት ሆነው ያድራሉ፣ ቀለሙ ይደርቃል፣ ጠዋት መስመር ነው። ስለዚህ ማታ ዋናውን ማከፋፈያ አጥፍቶ መሄድ ሚባል ልማድ ካለ እሱን ተዉት፣ መጀመሪያ በቁልፉ ይጥፋ፣ ተኝቶ ሲጨርስ ሶኬቱ። መብራት በመሃል ከሄደ ደግሞ ሲመጣ ወዲያው አብሪውና በቁልፉ አጥፊው፣ ሄዱ ቦታው ይግባ።

ክሊኒንግ ደጋግሞ ማድረግ ቀለም መድፋት ነው። በመጀመሪያ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ) አትሚ፣ የትኛው ቀለም እንደተቆረጠ ታያለሽ፣ አንዴ ክሊኒንግ፣ መልሶ ቼክ። ሦስቴ አድርገሽ ካልተስተካከለ አጥፍተሽ ቢያንስ ግማሽ ቀን ተይው፣ የደረቀው ይለሰልሳል፣ ከዛ ሞክሪ። ጉርድ ላይ ብዙ ሚሄደው ፈዛዛው ሮዝና ፈዛዛው ሰማያዊ ነው፣ ፊትና ጀርባው ስለሆነ፣ ብዙ ማይሠራባቸው ቀለሞች ግን ሥራ ፈትተው ስለሚቀመጡ መድረቅ ይቀናቸዋል። በሳምንት አንዴ ስድስቱም ቀለም ያለበት አንድ ፎቶ አትሙ፣ ለግድግዳም ይሆናል። ቀለሙን ግን ዋናውን ግዢ፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ (ከጅሬን፣ ሴት ፎቶግራፈር)፦ ሴቶች ብቻ ሚሰበሰቡበት ቦታ ነው ምሠራው፣ ሙሽሮቹ ያለ ሂጃብ ነው ሚነሱት፣ ፎቶው ወንድ ዘንድ እንዳይደርስ ያስምሉኛል። ሙሉ ቀን ሁለት ካሜራ ተሸክሜ ትከሻዬ አልቋል። ለዕቃም ለጥንቃቄም ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ያንቺ ሥራ ወንዶቹ ፎቶግራፈሮች ገብተንበት ማናውቀው ሥራ ነው፣ ቅናት አለብኝ። ከትከሻው እንጀምር። ከካሜራው ጋር ሚመጣው ማንጠልጠያ አንገት ላይ ነው ሚያርፈው፣ እሱን አውጪውና ከትከሻ እስከ ወገብ በሰያፍ ሚያልፈውን ሰፊ ማንጠልጠያ ያዢ፣ ለሁለት ካሜራ ደግሞ እንደ ቁምጣ ማንገቻ ጀርባ ላይ ሚገናኘው አለ፣ ክብደቱን ሁለቱም ትከሻ ይካፈለዋል። በቆዳ ሠሪ ማሠራትም ይቻላል፣ ብቻ የብረት ማያያዣው ጠንካራ ይሁን፣ ሚበጠሰው እሱ ነው። ሌንስሽም ይመርመር፣ 24-70 እና 70-200 ባለ 2.8 ይዘሽ ምትዞሪ ከሆነ ሌንሱ ብቻ ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ሴቶች ሳሎን ውስጥ 70-200 ምን ይሠራል? ግድግዳው ራሱ አያስኬድሽም። 35 በአንዱ፣ 85 በሌላው፣ ሁለቱም ቀላል፣ ሁለቱም ብርሃን በደንብ ሚያስገቡ። ከፍላሽም ይልቅ በመስኮት ብርሃን ብዙ መሥራት ትችያለሽ፣ ሰዎቹም ይረሱሻል።

ወደ መሐላው ስንመጣ፣ ሦስት ነገር አለ ፎቶው ሚያመልጥበት። አንደኛው ካሜራው ነው፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ ካለው አጥፊው፣ ወደ ስልክሽ በራሱ ሚልክ አፕ ካለ ከስልክሽ አውጪው፣ አለበለዚያ ጋለሪሽ ውስጥ ገብቶ ከዛም ጉግል ፎቶስ ላይ በራሱ ሊጫን ይችላል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ነው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሚነካው ከሆነ ለነዚህ ሥራዎች ብቻ ሚሆን ሀርድ ዲስክ ለይተሽ በፓስወርድ ቆልፊው፣ ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር አለ፣ ለሌላው ቬራክሪፕት አለ በነጻ። ፓስወርዱ ከጠፋ ፎቶውም ጠፋ፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከዲስኩ ርቆ ይቀመጥ። ሦስተኛው ሰው ሚረሳው ነው፣ ማተሚያ ቤቱ። ፋይሉን ፍላሽ ዲስክ ላይ አድርገሽ ወንዶች ያሉበት ማተሚያ ቤት ከሰጠሽ እስካሁን የተጠነቀቅሽው ሁሉ ገደል ገባ። ትንሽ የቤት ፕሪንተር ካለሽ አልበሙን እራስሽ አትሚ፣ ከላይ ያለችው እህታችን ጋም ሴት ምትሠራ ካለች ተነጋገሩ፣ ቁጭ ብለሽ አሳትመሽ ፋይሉን አጥፍተሽ ውጪ። በውልሽ ላይ ደግሞ መቼ ከኔ ዘንድ እንደሚጠፋ ቀን አስገቢበት፣ አልበሙን ከተረከቡ በኋላ አንድ ወር ምናምን፣ እነሱም እርፍ ይላሉ።

ጥያቄ (ከሰቃ)፦ አዳራሽ ውስጥ ቪዲዮ ስቀርጽ ጥቁር ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ ካሜራው ነው?

መልስ፦ መብራቱ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ነው፣ ርካሹ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይጠፋል። ካሜራህን ሜኑ ውስጥ ገብተህ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይረው (የቪዲዮ ሥርዓቶች ናቸው፣ ፓል ከ50 ኸርዝ መብራት ጋር ሚሄደው ነው)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50፣ ካልሆነ 1/100። ዲጄው የራሱን የቀለም መብራት ካመጣ ግን እሱ በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ሹተሩን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስክ መስመሩ ሚጠፋበትን ፈልግ፣ ካልሆነም ለሙሽሮቹ ዳንስ ያህል አጥፋልን በለው፣ ቀድመህ ሻይ ከጋበዝከው ያጠፋልሃል።